ጫት ይዞ የመጣውን ሜካኒክ ላይቭ ያወጣሁ ቀን

ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁ ተቀመጡ። ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁ ብረቱን ያዙ።

ዛሬ ጠዋት ፊቴ የተቃጠለውን ያህል የድሬ ፀሐይ በሰኔም አቃጥላኝ አታውቅም።

ያውም ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ!

ላይቩን ያያችሁ ዝም በሉ። ላላያችሁት ራሴው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከእኔ ካልሰማችሁ ከጎረቤቴ ትሰማላችሁ፤ እሷ ደግሞ ትጨምርበታለች።

እንደምታውቁት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄያለሁ። እንዴት አታውቁም? የጋውን ፎቶዬን አስራ ሰባት ጊዜ ነው የለጠፍኩት!

ከዛ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ስሜ ጠፍቷል። ነኢማ የሚለኝ የለም። "ኢንጂነር፣ ቬንትሌተራችን ይንጫጫል።" "ኢንጂነር፣ ይቺን ጁስ መፍጫ እያት እስቲ።" ሥራ የሰጠኝ የለም፣ የተበላሸ እቃ የማይሰጠኝ ግን የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ? አምስት ዓመት ስማር ሞተር ሲፈታ ያየሁት አንድ ቀን ነው። እሱም በቡድን። የእኔ ድርሻ የእጅ ባትሪ መያዝ ነበር።

ይሄን ለኡሚ አልነገርኳትም።

ኡሚ እናቴ ናት። አሮጌ ፒክአፕ አላት፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አውቶማቲክ ነው። አውቶማቲክ የገዛችው ለቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የግራ ጉልበቷ አይታዘዛትም። ፍሪሲዮን መርገጥ አትችልም። ግራ እግር የማይጠይቅ መኪና ስትፈልግ ስትፈልግ ይሄን ሽማግሌ አገኘችው።

ሲገዛ ያልሳቀባት የለም። "አውቶማቲክ? ያውም አሮጌ? ድሬ ውስጥ ማን ይሠራልሻል?"

እሷ ግን ንጋት ላይ ተነስታ ጀልዴሳ ትሄዳለች፣ ቲማቲሟን ሽንኩርቷን ፓፓያዋን ጭና ትመለሳለች። ራሷ እየነዳች። የማንንም ሹፌር ኩርፊያ ሳታይ።

ይሄ መኪና ከሄደ ሌላ የምትነዳው የለም። ተሳፋሪ ትሆናለች። ኡሚን የምታውቁ አስቡት እስቲ! ባጃጅ ስትሳፈር እንኳን ሹፌሩን "ፍሬን ያዝ፣ አሁን ልቀቅ" እያለች ነው የምትሄደው።

እና ከሁለት ሳምንት በፊት መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጠዋት ሲነሳ ይርገፈገፋል። ማርሹ ዲ (መሄጃው) ላይ ሆኖ ፍሬን ይዛ ስትቆም መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ ይጨፍራል። ቤንዚን ሳትረግጥ የሚዞርበት ሚኒሞው ይወርዳል፣ ሞተሩ ልጥፋ ይልና ሐሳቡን ይቀይራል። ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የሚባል የለም።

"ከኮፈኑ ስር ግመል ያስነጥሳል" አለች ኡሚ።

ሁለት ጋራዥ ወሰድነው። ሁለቱም ኮፈኑን ከፈቱ፣ ማርሹን አዩ፣ ኮፈኑን ዘጉ። "አቦ አውቶማቲክ ነው! እኛ እሱ ውስጥ አንገባም።" ጂን ያለበት ቤት ግቡ ያልናቸው ነው የሚመስለው!

የቀረው ጋሽ ለማ ነበር።

ጋሽ ለማ ለገሃር አካባቢ በረንዳ ላይ የሚሠራ ሽማግሌ ሜካኒክ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ እሱም በልጅነቱ ወርክሾፕ ውስጥ ሲላላክ ነው ያደገው። (አንቱ አላልኩትም ብላችሁ እንዳትጮሁብኝ። ድሬ ነን፣ አንቱ ካልኩት "ማንን ነው የምታናግሪው?" ብሎ ዞሮ ያያል።)

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። በርጫ ላይ ነው። ትራስ ተደግፎ፣ ጉንጩ በጫት ሙሉ። አልተነሳም! ከተቀመጠበት ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ትንሽ አዳመጠና "አጥፊው" አላት ኡሚን።

"ምን ሆነ?"

"አሁን አይታይም፣ ሞተሩ ግሏል። ነገ ጠዋት እናንተ ጋ እመጣለሁ። ሌሊቱን ይቀዝቅዝ። ጠዋት እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳያስነሳው።"

ከዛ እኔን አየኝ። "ማንም።"

እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሻይ እስኪበርድ እንኳን ስለማልጠብቅ ምላሴ ሁሌ የተቃጠለ ነው። የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ሰውዬው ከትራሱ መነሳት ስላልፈለገ ሰበብ ፈጠረ። ሞተር ግሏል አይታይም የሚል መጽሐፍ አላነበብኩም!

ቤት እንደደረስን ሳቢያን ያለ ክላስሜቴ ጋ በርሬ ስካነር ተዋስኩ። መኪናው ላይ ትሰኩታላችሁ፣ በሽታውን በስክሪን ይነግራችኋል። ሳይንስ!

የሚሰካበትን ቦታ ፈለግኩ።

ፈለግኩ።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭንቅላቴን ከመሪው ስር ከትቼ፣ የቀረው አካሌ በበሩ በኩል ለገንደ ቆሬ ሕዝብ ክፍት ሆኖ ፈለግኩ። ጎረቤታችን በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ "ኢንጂነር፣ የጆሮ ጌጥሽ ጠፋ እንዴ?" አለችኝ።

የሚሰካበት የለውም! መኪናው የተሠራው እንዲህ ዓይነት ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው።

እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። በጭንቅላቴ ልሥራው አልኩ።

አስነሳሁት። ማርሹን ኤን (ነፃው) ላይ አደረግኩ፣ ትንሽ ይረጋጋል። ዲ ውስጥ አስገባሁ፣ ይንቀጠቀጣል! ኤን፣ ይሻላል። ዲ፣ ግመሉ መጣ! የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ አየሁ። ቀይ መሆን ሲገባው ወደ ቡናማ ሄዷል።

በቃ። ማርሽ ሲገባ የሚብስ ከሆነ ጥፋቱ ማርሹ ጋ ነው። አበቃ!

ኡሚ በር ላይ ቆማ ነበር። እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ (ይሄን ፊልም ላይ ነው ያየሁት) "ኡሚ፣ ካምቢዮው አልቆለታል" አልኳት።

"አልቆለታል?"

"ቶርክ ኮንቨርተሩ ይመስለኛል። ውስጡ ነው። እዚህ የሚሠራው የለም።"

ኡሚ እኔን አለመቆጣቷ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ግድግዳውን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ቆየት ብላ ስልኳን አወጣች።

ደላላው ቶፊቅ ከድሮ ጀምሮ ፒክአፑን ሽጪልኝ ይላታል። ለመለዋወጫ የሚፈታ ገዢ አለው። "ነገ ሁለት ሰዓት ና" አለችው። "አዎ፣ ቃሌ ነው።"

የእናቴ ግራ እግር በእኔ አፍ ተሸጠ ማለት ነው። እኔ ያኔ ምን እያደረግኩ ነበር?

ፖስት እያደረግኩ! ኮፈኑ ተከፍቶ፣ እኔ መፍቻ ይዤ። "የመጀመሪያ ዳያግኖሲሴ። ካምቢዮው ሞቷል። ሴቶች እንችላለን።" ትዝ ይላችኋል፣ ልብ ያደረጋችሁ እናንተው ናችሁ።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋት።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ለማ! ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። በአንድ እጁ የመፍቻ ቦርሳውን ይዟል። በሌላው እጁ ምን ቢይዝ ጥሩ ነው?

ጫት። አንድ ትኩስ እስር፣ ጤዛው ያልደረቀ።

ጭራሽ ኡሚን "አንድ ጣሳ ውሃ ስጪኝ" አላት!

እናንተ ብትሆኑስ? በጠዋቱ! የእናቴ መኪና ሊሸጥ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሰውዬው ኢጀበናውን ሊይዝ እኛ ግቢ መጣ! የጠዋት ጫት ከነውሃው! ደሜ ፈላ።

"ጋሽ ለማ፣ ትራስ ላምጣልህ እንዴ?" አልኩት።

"አይ፣ እቆማለሁ" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ስልኬን አወጣሁና ላይቭ ገባሁ።

"ድሬዎች፣ እንደምን አደራችሁ! ነቅታችሁ ከሆነ የከተማችንን ሜካኒክ ልጋብዛችሁ። ትናንት ከሰዓት በርጫ ላይ ነኝ ብሎ መለሰን፣ ዛሬ በጠዋቱ ጫቱን ይዞ ቤታችን መጣ። መኪናው ይሙት፣ ምርቃናው ይኑር!"

ሥራ የሌለው ሰው ስንት እንደሆነ ላይቭ ስትገቡ ነው የምታውቁት። በአንድ ደቂቃ ስልሳ ምናምን ሰው ገባ። "ኧረ ጉድ!" "ጠጋ አድርጊው!" "ጫቱ ከየት ነው?"

ጠጋ አደረግኩት።

ጋሽ ለማ ኮፈኑን ከፈተ። እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን ለማየት። ከእስሩ ቅጠል የበዛባቸውን ሦስት ዘንጎች መዘዘ። ጣሳው ውስጥ ነከራቸው።

"አስነሺው" አላት ኡሚን።

አስነሳችው። ተርገፈገፈ። ጋሽ ለማ ዘንጎቹን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆመ። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ።

ከዛ ቅጠሉን አራገፈው። አፉ ላይ አይደለም! ከሞተሩ ጎን የሚወጡት አራት የጭስ ቱቦዎች ላይ፣ ጠብ ጠብ፣ በተራ።

አንደኛው፣ ጭስስ! እንፋሎት።

ሁለተኛው፣ ጭስስ!

ሦስተኛው...

ምንም።

ውሃው ቱቦው ላይ ቁጭ አለ። ክብ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ። ሰው ቤት ገብቶ ወንበር እንዳልቀረበለት እንግዳ።

አራተኛው፣ ጭስስ!

"ይቺ ናት" አለ ጋሽ ለማ፣ ሦስተኛዋን በቅጠሉ እየነካ። "እሳት አልበላችም። ሦስቱ ይሠራሉ፣ አንዷ ተኝታለች።"

ስልኬ እጄ ላይ ነው። ላይቩ አልተዘጋም። ኮሜንቱ እንደ ደቻቱ ጎርፍ ይወርዳል። የመጨረሻ ያነበብኩት፣ "ኢንጂነር፣ ትራሱን ለራስሽ አምጪ" የሚለውን ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን የነበረበት ለካ ለዚህ ነው! ከጋለ አራቱም ቱቦ እርስ በርሱ ይሞቃቃል፣ የሞተውም የሞቀ ይመስላል። ከተነሳ በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ ነው የሚለየው። ሰውዬው ትናንት የነገረን ይሄን ነው። በቀላል አማርኛ!

"ጫቱ ግን ለምን?" አልኩት፣ ድምፄ እንደ ሚኒሞው ወርዶ።

"በጣሳ ካፈሰስሽበት የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። በእጅሽ ብትረጪ ይበዛል፣ ደግሞ ትቃጠያለሽ። ቅጠል ግን ጠብታ ጠብታ ነው የሚሰጥሽ።" ወደ ስልኬ አየ። "ስንት ሰው ነው ያለው እዛ ውስጥ?"

"ስልሳ... ምናምን።"

"ጫቱ ጥሩ መስሎ ታያቸው?"

ስልኩን ዘጋሁት። ዘግይቷል ግን። አንዱ ቀድቶታል፣ ከቁርስ በፊት አጎቴ ሁርሶ ሆኖ አይቶት ደወለ!

አላለቀም። ቆዩ። ዋናው ገና ነው።

ጋሽ ለማ የሦስተኛዋን ካንዴላ ፈታ፣ ደህና ናት። ወደ ካንዴላዋ የሚሄደውን ገመድ በጣቱ እየዳበሰ ሄደ፣ ሄደና ቆመ። ገመዱ የጋለው ቱቦ ላይ ተኝቶ ቀልጧል። እሳቱ ካንዴላዋ ጋ ሳይደርስ ብረቱ ላይ እያመለጠ ነው።

"ይሄን እዚህ ያሰረው ማነው?"

ገመዶቹ በነጭ ፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ ላይ ተጠርንፈዋል። በጣም በሚያምር ሁኔታ።

ነጭ ማሰሪያ።

ማሰሪያውን አየሁት። ማሰሪያውም አየኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ ፈትቼ የኡሚን ሞተር አጥቤው ነበር። ገመዶቹ በየቦታው ተንጠልጥለው ሲያስጠሉኝ ሰበሰብኳቸው፣ አሰርኳቸው፣ ፎቶ አነሳኋቸው። "ሥርዓት" ብዬ ለጥፌዋለሁ። ላይክ አድርጋችሁታል፣ ስለዚህ እናንተም አላችሁበት!

በሽታውን ያመጣሁት እኔ። የሞት ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ። ሐኪሙን የሰደብኩት እኔ። ከዚህ በላይ አንድ ሰው ምን ይሥራ?

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ ለማ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ከቦርሳው አሮጌ ግን ደህና ገመድ አወጣ፣ ከቱቦው አርቆ አሳለፈው። "አሁን አስነሺው።"

ኡሚ አስነሳችው።

አልተርገፈገፈም። ኤን ላይ፣ ጸጥ። ዲ ላይ፣ ጸጥ! መቁጠሪያው አልተነቃነቀም።

"ካምቢዮውስ?" አለች ኡሚ፣ ድምጿ ቀጥኖ። "አልቆለታል ተብዬ ነበር።"

"ማን አለ? ሞተሩ በሦስት እግሩ ሲሄድ ማርሽ ስታስገቢ ሸክሙ ይጨምርበታል፣ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ካምቢዮው ምን አደረገ? ዘይቱ አርጅቷል፣ ይቀየር። ዘይት ነው እንጂ አስከሬን አይደለም።"

ይሄን እኮ አውቀዋለሁ! ሸክም ሲጨምር የሞተር ድካም ይገለጣል። ደብተሬ ላይ አለ፣ በቀይ አስምሬበታለሁ። ተፈትኜበታለሁ! ኤ ነው ያገኘሁት!

ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቶፊቅ መጣ። ቀጠሮ አክብሮ የሚያውቅ ደላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ አከበረ!

"ያላ፣ ቁልፉን አምጪ። ገዢው እየጠበቀኝ ነው" አላት ኡሚን።

ኡሚ ከመሪው ኋላ አልወረደችም። "ነኢማ ታነጋግርሃለች" አለች፣ መስታወቱን ወደ ላይ ዘጋችው።

እኔና ቶፊቅ ተያየን።

"መኪናው አይሸጥም" አልኩት።

"ወላሂ? እናትሽ ቃል ሰጥታኛለች! እኔም ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ!"

"ካምቢዮው አልሞተም። የተሳሳተው... የነገራት ሰው ነው።"

"ማነው የነገራት?"

"እኔ።"

ስልኩን አወጣ። ፖስቴን ሴቭ አድርጎታል! ግቢው መሃል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። "የመጀመሪያ ዳያግኖሲሴ! ካምቢዮው ሞቷል! ሴቶች እንችላለን!" ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ነች። ጋሽ ለማ እጁን እየታጠበ ነው። ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ እኔን ነው የሚያየው።

"ሴቶች ይችላሉ" አልኩት። "እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ገዢውንም እኔ ደውዬ ይቅርታ እለዋለሁ፣ ቁጥሩን ስጠኝ።"

ቶፊቅ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ኡሚ ቤንዚኑን ነካ አደረገችው። ሞተሩ ጥርት ብሎ ተነፈሰ። ቶፊቅ ዞረ። ጆሮውን አቀና።

"እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው? አቦ ሃጃ፣ እንግዲያው በሌላ ዋጋ እንነጋገር!"

መስታወቱ ትንሽ ወረደ። "አሁን እንኳን ለአንተ ለራሴም አልሸጠውም" አለች ኡሚ። መስታወቱ ተዘጋ።

ደወልኩለት። ገዢውን ማለቴ ነው። የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ፔጄ ይዘጋል።

ጋሽ ለማንም እዛው ይቅርታ ጠየቅኩት። እሺ አለ፣ ብዙ አላከበደውም። የነከራቸውን ዘንጎች ግን አልጣላቸውም፣ አራግፎ ከእስሩ ጋር መለሳቸው። ኡሚ ናት ያልለቀቀችኝ። "በስልክ ያዋረድሽውን ሰው በስልክ አክብሪው" አለችኝ።

ስለዚህ ይኸው። ጋሽ ለማ፣ በስልሳ ምናምን ሰው ፊት አሾፍኩብህ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ። አንተ ፌስቡክ የለህም፣ ግን ለገሃር የምትሄዱ አንብቡለት። ከሰዓት ካነበባችሁለት በደንብ ያዳምጣል።

ከዛ ኡሚ "ግቢ" አለችኝ። ጀልዴሳ ቲማቲሙ እየጠበቃት ነው፣ አርፍዳለች። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ከከተማ አወጣችን። ግራ እግሯን እንደፈለገች ዘርግታ፣ በቀኟ ብቻ እየነዳች፣ መስኮቱን ከፍታ። እኔ ወደ ውጪ አያለሁ። ዝም ያልኩበት ረጅሙ ሰዓት ነው፣ ጤናዬን የጠረጠረች ይመስለኛል።

"ያ ያልሽው ነገር ምንድነው?" አለች በመጨረሻ።

"የቱ?"

"ትናንት ሞተ ያልሽው። ኮን... ምናምን።"

አስረዳኋት። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ፣ በዘይት የሚሠራ፣ የግራ እግሯን ሥራ የሚሠራላት እቃ እንደሆነ። እውነት በደንብ ነው ያስረዳሁት! እሷም በደንብ ሰማችኝ።

"እና እሱ አሁን ደህና ነው?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

አፌን ከፈትኩ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፣ ከነእንግሊዝኛው።

"ስንመለስ ጋሽ ለማን እንጠይቀው" አልኳት።

ኡሚ ከት ብላ ሳቀች! መሪውን እስክትመታ ድረስ። ከትናንት ጀምሮ ስትስቅ ገና መስማቴ ነው።

እና አሁን የምጽፍላችሁ ቲማቲም ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ የተመረቃችሁ መልሱልኝ፦ "አላውቅም፣ እንጠይቅ" የሚለውን ለማለት አምስት ዓመት ነው የሚፈጀው፣ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ ኮርሱን የደገምኩት?